የወንጂ ስኳር፣ የፒያሳ ጥርስ

በአዲስ አበባ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያና ከማዘጋጃ ቤት ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር የጥርስ እንክብካቤ የሚጀምረው ከሐኪም ወንበር ሳይሆን ከመፋቂያ ሻጭ ነው። የእርሳስ ርዝመት ያላቸው እንጨቶች በካርቶን ላይ ይደረደራሉ፤ እንዳይደርቁም አልፎ አልፎ ውኃ ይረጭባቸዋል። ገዢው አንዱን አንሥቶ የጫፉን ቅርፊት በጥርሱ ይልጥና ያኝከዋል። ጭረቱ ተፈትቶ ሲለሰልስ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞም፣ ወደ ሥራው እየተራመደም መፋቁን ይቀጥላል። ጥርስን በብሩሽ መቦረሽ ከመታጠቢያ ቤት የማይወጣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። መፋቂያ ግን ግማሽ ሰዓት አፍ ውስጥ ይቆያል፤ ጥቅሙም በከፊል ከዚሁ የሚመጣ ነው።

በደጋው አገር ለመፋቂያ የሚመረጡት ወይራ፣ ክትክታና ልምጭ ናቸው፤ በአፋርና በሶማሌ ቆላ ደግሞ ሙስሊሞች ሲዋክ የሚሉት ቁጥቋጦ አለ። እንጨቱ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። ጭረቱ በጥርስ ላይ የሚጣበቀውን የባክቴሪያ ሽፋን ይፍቃል፤ መራራው ጣዕም ደግሞ ምራቅ ያመነጫል፣ ምራቅም የአሲድን ኃይል ያዳክማል። ኦልሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ መፋቂያንና ብሩሽን አወዳድሮ፣ በአግባቡ ከተያዘ መፋቂያው ጥርስን በማጽዳት ከብሩሽ እንደማያንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የማኘኪያ እንጨት በተለመደበት አገር ልማዱ እንዲበረታታ መክሯል። ስለዚህ መፋቂያን ብሩሽ መግዛት ያቃተው ሰው ማጽናኛ አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም። ጉድለቱ ሌላ ነው፦ የመንጋጋን የውስጥ ገጽ በቀላሉ አይደርስበትም፤ ድድን አጥብቆ የሚፈትግ ሰው ከጊዜ በኋላ የጥርሱን ሥር ያጋልጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የደጋው እንጨት ከጥርስ ሳሙና የሚገኘውን ፍሎራይድ አይሰጥም።

ፍሎራይድ የሚያስፈልግበት ምክንያት እዚያው ፒያሳ፣ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በኬክ ቤቶች መስኮት ውስጥ ይታያል። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ ሰፈሩ በኬክ፣ በቦምቦሊኖና በማኪያቶ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው ቶሞካ ደግሞ ቡናን ቆሞ የመጠጣትን ልማድ ከከተማው ጋር አዋህዶታል። ጥርስን የሚጎዳው ግን ቡናው ሳይሆን ከቡናው ጋር የሚገባው ስኳር ነው። በጥርስ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ። የአፍ የአሲድነት መለኪያ፣ ማለትም ፒኤች፣ ከ5.5 አካባቢ ሲወርድ ኢናሜል የሚባለው ጠንካራ የጥርስ ቅርፊት ካልሲየሙንና ፎስፌቱን ማጣት ይጀምራል። ምራቅ ሚዛኑን ለመመለስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ለዚህ ነው በአምስት ደቂቃ ተበልቶ ከሚያልቅ ኬክ ይልቅ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር ገብቶበት ከወሬ ጋር አንድ ሰዓት የሚጠጣ ማኪያቶ ጥርስን የበለጠ የሚጎዳው። ዋናው ቁም ነገር የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በቀን ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ መግባቱም ነው። ጫት ቤት ተቀምጦ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ለስላሳ የሚጠጣ ሰው ከዚህ ስሌት አያመልጥም።

ከአሲዱ ይልቅ ጥርስን ትል ይበላዋል የሚለው እምነት በኢትዮጵያም በሌላውም ዓለም ጥንታዊ ነው። ለጥርስ ሕመም እምቧይ ማኘክ፣ ሕፃን ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው ገና ያልበቀለ የወተት ጥርሱን ከድድ ውስጥ ማስወጣት እስካሁን የሚደረግበት ቦታ አለ። የመጨረሻው አደገኛ ነው፤ ሕፃኑ ደሙ ሊፈስስ፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ፣ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል።

ወደ ስኳሩ ስንመለስ፣ የፒያሳን ኬክ ቤቶች ያጣፈጠው ስኳር በብዛት የመጣው ከአንድ ቦታ ነው። ኤችቪኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነፃ ከወጣች በኋላ ፊቱን ወደ አዋሽ ሸለቆ አዞረ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካም በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሸዋና መተሐራ ተከተሉት። እስከዚያ ድረስ ለብዙ ቤተሰብ ብርቅ የነበረው ስኳር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የየዕለት ሻይ ማጣፈጫ ሆነ።

ታሪኩን ልዩ የሚያደርገው የወንጂ ውኃ ነው። ፋብሪካው የተተከለበት ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። የከርሰ ምድር ውኃው በዐለቱ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ያሟሟል፤ ፍሎራይድን አስሮ ሊያስቀረው የሚችለው ካልሲየም ደግሞ በዚያ ውኃ ውስጥ ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሆነ ጉድጓድ ብርቅ አይደለም። የወንጂ ሠራተኞች ዓመት ከዓመት የጠጡት እንዲህ ያለውን ውኃ ነበር። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ጥናት በስምጥ ሸለቆ የሕፃናትን የበለዘ ጥርስ ብቻ ሳይሆን፣ ውኃውን ከአሥር ዓመት በላይ የጠጡ የእርሻ ሠራተኞችን የአጥንት በሽታም መዝግቧል። አከርካሪያቸው የደረቀ፣ አንገታቸውን ማዞር የተሳናቸው፣ አጥንቱ ነርቭን ተጭኖ እግራቸው የዛለ ሰዎች ነበሩ። እኚሁ ሐኪም ጓያ በሚያስከትለው የእግር ሽባነት ላይም የሠሩ ናቸው። በሁለቱም ጥናት ጉዳቱ የመጣው በየቀኑ ከሚበላውና ከሚጠጣው ነው።

ስለዚህ አንዱ ወንጂ ለአዲስ አበባ ጥርስን የሚያበሰብሰውን ስኳር ሲልክ፣ ለራሱ ሰዎች የተረፋቸው ጥርስን የሚያበልዝ ውኃ ነበር። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ይኸው ፍሎራይድ በትንሽ መጠን ሲሆን መድኃኒት መሆኑ ነው። በምራቅ ውስጥ ያለ ጥቂት ፍሎራይድ አሲድ ያጠበውን ኢናሜል መልሶ ሲያጠናክር በፊት ከነበረው ይልቅ አሲድን የሚቋቋም ክሪስታል ይፈጥራል። ብዙ ሆኖ በሕፃንነት ሲጠጣ ግን ጥርስ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ የኢናሜሉን አሠራር ያዛባል፤ መጀመሪያ ነጭ ነጠብጣብ፣ ሲብስ ቡናማ ቀለምና ጉድጓድ ይሆናል። ጥርስ የሚበልዘው እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ውኃ የጠጣ ሰው አጥንቱ ሊጎዳ ይችላል እንጂ የጥርሱ ቀለም አይለወጥም። የመቂን ወይም የዝዋይን ሰው ፒያሳ ላይ በፈገግታው መለየት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከተማ ውስጥ ሃያ ዓመት ቢኖር እንኳ የልጅነቱ ውኃ ጥርሱ ላይ ተጽፏል።

የአራዳ ልጅ የጠጣው ውኃ ሌላ ነው። ገፈርሳና ለገዳዲ የሚያጠራቅሙት የዝናብና የወንዝ ውኃ ስለሆነ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ነው። ጥርሱ አይበልዝም፣ ጥበቃም አያገኝም። ጥበቃውን የሚያገኘው ሰዉ ሁሉ ኮልጌት ብሎ ከሚጠራው የጥርስ ሳሙና ነው፤ ማሸጊያው ላይ ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም ፍሎራይድ መኖሩ መጻፍ አለበት። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከዚያ በላይ እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል በቂ ናት። መፋቂያ የሚወድ ሰው ሁለቱን ለማማረጥ አይገደድም፤ ቀን በመፋቂያ፣ ማታ ከመኝታ በፊት በሳሙና ማድረግ ይችላል።

ጥርስ አንዴ ከተቦረቦረ በኋላ መንገዱ ወደ ክሊኒክ ያመራል። በፒያሳ የጥርስ ክሊኒክ ማስታወቂያ መንጋጋ ጥርስ ተስሎበት ከወርቅ ቤቱ ወይም ከልብስ ስፌቱ በላይ፣ ደረጃው በጠበበ ፎቅ ላይ ተሰቅሎ ማየት የተለመደ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ የሰፈሩን ሰፊ ክፍል ሲያፈርስ ብዙ ሱቅና ነዋሪ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። የሕክምናው ቅደም ተከተል ግን የትም ያው ነው፦ ማስሞላት፣ ካልተቻለ ነርቭ ማስወጣት፣ ያም ካልሆነ ማስነቀል። ብዙ ሰው የሚመጣው ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሣው ስለሆነ የመጀመሪያው ደረጃ ሳይነካ ወደ መጨረሻው ይዘለላል።

ከመቶ ዓመት በላይ የጥርስ ሙሌት ማለት አማልጋም ነበር፤ ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ከሜርኩሪ ጋር ተለውሶ የሚጠነክር ጥቁር ግራጫ ብረት። ርካሽ ነው፣ ረጅም ዘመን ያገለግላል፣ እርጥበት ብዙ አያስቸግረውም። የተጠላው በሜርኩሪው ነው። ሚናማታ በምትባል የጃፓን ከተማ የፋብሪካ ሜርኩሪ ብዙ ሰው ከመረዘ በኋላ በስሟ የተጠራው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈረመ፤ አገሮች አማልጋምን ቀስ በቀስ እንዲቀንሱም አዘዘ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ አጠቃቀሙን ከጥቂት ሕክምናዊ ምክንያት በቀር ከልክሏል። በዚያው ስምምነት የሜርኩሪ ትነት የሚይዙት የፍሎረሰንት አምፖሎችም ከገበያ እየወጡ ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መብራት ኃይል የቆየውን አምፖል እየሰበሰበ በምትኩ ያከፋፈላቸው ጥምዝምዝ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ከእነዚሁ ወገን ነበሩ። ሜርኩሪን ከጥርስም ከጣሪያም እያስወጣ ያለው ተተኪ ደግሞ አንድ ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ ክሪስታል።

በክሊኒኩ ወንበር ላይ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ሐኪሙ የበሰበሰውን ክፍል በመሰርሰሪያ አጽድቶ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ሰማያዊ ጄል ለ15 ሰከንድ ያህል ይቀባል። አሲዱ የኢናሜሉን ገጽ በዓይን በማይታይ ስፋት ያሻክረዋል። ይታጠባል፣ ይደርቃል፤ ማጣበቂያው ተቀብቶ ብርሃን ይበራበታል። ከዚያ ጥርስ የሚመስለው ለስላሳ ሊጥ፣ ማለትም ኮምፖዚት፣ ከ2 ሚሊሜትር ባልበለጠ ንብርብር ይጠቀጠቃል፤ በእያንዳንዱ ንብርብር ላይ እስኪርቢቶ የምትመስለው መብራት ተጠግታ ለ20 ሰከንድ ያህል ትበራለች፣ ጊዜው ሲደርስ ጢጥ ትላለች። ረዳቷ ብርቱካንማ መከለያ ትይዛለች፤ ያ ቀለም ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያስቀር ዓይንን ይጠብቃል። ታካሚው ከወንበሩ ሲነሣ ሙሌቱ ጠንክሯል።

ሊጡን የሚያጠነክረው ሙቀት አይደለም። አሜሪካዊው ራፋኤል ቦወን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያዳበረው ሙጫ የመስታወት ብናኝ ተቀላቅሎበት የኮምፖዚት መሠረት ሆነ። በሙጫው ውስጥ ካምፎርኪኖን የሚባል ጥቂት ቢጫ ንጥረ ነገር አለ። እርሱ 468 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ሲውጥ ኬሚካላዊ ሰንሰለት ያስጀምራል፤ ሞለኪውሎቹም እርስ በርስ ተቆላልፈው ጠጣር ይሆናሉ። ቀድሞ ይህን ብርሃን ለማግኘት ነጭ ሃሎጅን አምፖል አብርቶ በማጣሪያ መስታወት ከሰማያዊው በቀር ሌላውን ሁሉ መጣል ያስፈልግ ነበር። መሣሪያው ይግላል፣ ማቀዝቀዣው ይጮኻል፣ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይሠራም፣ አምፖሉም ሳይታወቅ ይደክማል።

ይህን የለወጠው ጋሊየም ናይትራይድ ነው። ቀይና አረንጓዴ ኤልኢዲ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቢኖርም ሰማያዊው ለሦስት አሥርት ዓመታት አልገኝ ብሎ ነበር። ብርሃኑ የሚወጣው ኤሌክትሮን ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ የኃይል እርከን ሲወርድ ነው፤ ሰማያዊ ለማግኘት እርከኑ ሰፊ የሆነ ቁስ ያስፈልጋል፤ ጋሊየም ናይትራይድን ደግሞ ጥራት ባለው ክሪስታል ማብቀል አስቸጋሪ ነበር። ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ በናጎያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሹጂ ናካሙራ ደግሞ ኒቺያ በሚባል ኩባንያ ሲለፉ ኖረው ችግሩን ፈቱት። ናካሙራ ብሩሁን ሰማያዊ ኤልኢዲ እ.ኤ.አ. በ1993 አሳየ፤ ሦስቱም በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ኢንዲየም በመጨመር ቀለሙን ወደሚፈለገው ሞገድ ማስተካከል ስለሚቻል ማጣሪያ ሳያስፈልግ ልክ ካምፎርኪኖን የሚወደውን ብርሃን ማግኘት ተቻለ። በባትሪ የሚሠራው የጥርስ መብራት እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ተስፋፋ። መብራት ሲሄድ የአየር መጭመቂያው ቆሞ መሰርሰሪያው ይዘጋል፤ የተጀመረውን ሙሌት ማጠንከር ግን ይቻላል።

ይኸው ሰማያዊ ክሪስታል ታች ባለው ወርቅ ቤት መስኮት ውስጥም አለ፤ እዚያ ግን ራሱን ሰውሮ ነው። ነጭ ኤልኢዲ የሚባለው በአብዛኛው ሰማያዊ ኤልኢዲ ነው፤ በላዩ ላይ ሴሪየም ያለበት ቢጫ ብናኝ ተቀብቶ ከፊሉን ሰማያዊ ወደ ቢጫ ይለውጠዋል፣ ሁለቱ ሲደባለቁ ዓይን ነጭ ያየዋል። በርካሹ ዓይነት ቀዩ ብርሃን ጥቂት ነው። ወርቅ ደግሞ ሰማያዊን እየዋጠ ቢጫና ቀይ የሚመልስ ብረት ስለሆነ በቀዝቃዛ ነጭ መብራት ይገረጣል፣ በሞቃታማው ይደምቃል። አስተዋይ ሸማች 21 ካራት የተባለውን ሐብል ይዞ ወደ በሩ፣ ወደ ፀሐዩ ብርሃን የሚወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥርስ ሐኪምም የሙሌቱን ቀለም ሲመርጥ ይኸው ችግር አለበት፤ በክፍሉ መብራት ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር የተመሳሰለው ሙሌት ውጭ ሲወጣ ሊለይ ስለሚችል የቀለም ናሙናውን በመስኮት ብርሃን ማየት ይሻላል።

ጥርስ ራሱም ብርሃን ይሰጣል። የማይታየው አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። ወይን ጠጅ ብርሃን ሲያርፍበት ጤነኛው ክፍል አረንጓዴ ሲመስል፣ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት ፖርፊሪን የሚባል ንጥረ ነገር ደግሞ ቀይ ያበራል። በዚህ ላይ የተመሠረቱ ካሜራዎች ጉድጓድ ከመከፈቱ በፊት ማዕድኑ የሳሳበትን ቦታ ያሳያሉ፤ ቀደም ብሎ የተያዘ ቦታ በፍሎራይድ ሊድን ስለሚችል መሰርሰር አያስፈልገውም። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠሩ ሰዎችም ይህን ብርሃን ለመምሰል ብዙ ደክመዋል። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በሸክላ ጥርስ ውስጥ ጥቂት ዩራኒየም ይገባ ነበር፤ ዛሬ ዩሮፒየምን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ተክተውታል። ይህ የቅንጦት ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አልትራቫዮሌት በሚበራበት የምሽት ክበብ ውስጥ ይህ ያልተደረገለት ጥርስ ጥቁር ክፍተት መስሎ ይታያል።

የሰማያዊው መብራት ትልቁ ጉድለት ሥራውን ሳይጨርስ የጨረሰ መምሰሉ ነው። ጫፉ ላይ ሊጥ ተጋግሮ ከደረቀ፣ ባትሪው ከደከመ፣ ወይም እጅ ጥቂት ሚሊሜትር ከራቀ ወደ ጥርሱ የሚደርሰው ብርሃን በጣም ይቀንሳል። የሙሌቱ ገጽ በመርፌ ሲነካ ደንዳና ነው፤ ታቹ ግን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠርዙ ይላቀቃል፣ ከሥሩ እንደገና ይበሰብሳል፤ ታካሚውም ጥርሱን ወይም ሐኪሙን ይወቅሳል። በብዙ አገሮች ክሊኒኮች ውስጥ የተደረጉ ፍተሻዎች ከሚፈለገው ኃይል በታች የሚሠሩ መብራቶች ብዙ መሆናቸውን አሳይተዋል። ኃይሉን የሚለካው መሣሪያ ትንሽና ቀላል ነው፤ የሚጎድለው በየጊዜው የመለካት ልማድ ነው።

በዚሁ መብራት የሚሠራ ሌላ ሥራ ደግሞ የስምጥ ሸለቆውን ታሪክ ከፒያሳው ጋር ያገናኛል። ሥራ ፍለጋ ወይም ለትምህርት ወደ ከተማ የመጣ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ወጣት ብልዙን ለማስጠፋት ይመጣል። ቀላል የሆነው በአሲድና በብናኝ ገጹ ጥቂት ተፍቆ ወይም በማንጫ ይሻሻላል። የከበደው በኮምፖዚት ወይም በሸክላ ስስ ልባስ ይሸፈናል፤ ኮምፖዚቱን የሚያጠነክረው፣ የሸክላውንም ማጣበቂያ የሚያደርቀው ሰማያዊው ብርሃን ነው። ብልዝ ኢናሜል ለአሲዱ ቶሎ ስለማይሸነፍ ሐኪሙ ማሻከሪያውን ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት ይኖርበታል፤ ይህን ያልጠበቀ ልባስ ቶሎ ይወልቃል። በአገሩ ያለው መከላከያ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፦ ውኃውን ከወንዝ ማምጣት፣ ወይም በኖራና በአሉም፣ በአልሙና ወይም በተቃጠለ አጥንት ከሰል ፍሎራይዱን ማስቀረት። ወንጂ ላይ በአልሙና የሚሠራ ማጣሪያ ተተክሎ ነበር፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ግን ማጣሪያው በየጊዜው ካልታደሰ ውኃውን እንዳለ ያሳልፈዋል።

ብርሃንም መሰርሰሪያም የማያስፈልገው ሕክምና ደግሞ በጸጥታ እየገሰገሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረው ዘዴ የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ፣ እንግሊዛዊያን ኬሚስቶች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባስተዋወቁት ግላስ አዮኖመር ይሞላል፤ ይህ ሲሚንቶ ራሱ ይደርቃል፣ ፍሎራይድም ይለቃል። ሁለተኛው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ ነው፤ አንድ ጠብታ በጥርሱ ቀዳዳ ላይ ተቀብቶ ብሩ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ፍሎራይዱ የቀረውን ያጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም ከፍሎራይድ ሳሙና ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። በአፍሪካ ክልል ለአሥር ሺህ ሰው ግማሽ የጥርስ ሐኪም እንኳ በማይደርስበት፣ በኢትዮጵያም ያሉት ሐኪሞች በአዲስ አበባ በተሰበሰቡበት ሁኔታ፣ የሠለጠነ ነርስ ትምህርት ቤት ድረስ ይዞት ሊሄድ የሚችል ሕክምና ይህ ነው። ሲልቨሩ የበሰበሰውን ቦታ ለዘለቄታው ያጠቁረዋል። ስለዚህ በሕፃናት የወተት ጥርስና በኋለኛው መንጋጋ ላይ ወላጅ እሺ ይላል፤ ለፊት ጥርስ ግን ብዙው ሰው አሁንም ነጩን ሙሌትና ሰማያዊውን መብራት ይመርጣል።